ነጭ ነገር ታየብሽ ተባልኩ፤ ካንሰር ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 34 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። በቅርቡ ለወሊድ መከላከያ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተሯ የማህፀን በር ምርመራ አደረገችልኝ። ከዚያ «ነጭ ነገር ይታያል፣ ዛሬውኑ እናክመው» ስትለኝ ደንግጬ ጥያት ወጣሁ። ምንም አያመኝም። ካንሰር ነው? ማህፀኔ ይወጣል? ሦስተኛ ልጅ እያሰብን ነበር። ለባለቤቴስ ምን ልበለው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተመረመርሽ። ካንሰር አለብሽ ያለሽ ሰው የለም። ሲስተሯ የማህፀንሽን በር የቀባችው አሴቲክ አሲድ ነው፤ አቼቶ ውስጥ ያለው ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ሲቆይ የተለወጡ ሴሎች ካሉ ይነጣሉ። ይሄ ቅድመ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ያን ያህል የማያሰጋ ለውጥ ይሆናል። ቅድመ ካንሰር ደግሞ አያምም፤ ዝም ብሎ ለዓመታት ይቆይና ሳይታከም ሲቀር ነው ወደ ካንሰር የሚሄደው። ስለዚህ «አያመኝም» ብለሽ እንዳትቀሪ።

ሕክምናው ቢላ የለበትም፣ ማህፀንም አይወጣም። ወይ በቅዝቃዜ ነው፣ ሦስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ አምስት ደቂቃ ይታረፋል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ፤ ወይ ደግሞ በሙቀት ነው፣ እሱ ከዚያም ያጥራል። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ይሰማሽና የዚያኑ ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። ለጥቂት ሳምንታት ውሃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል። አንድ ወር ያህል ግንኙነት ይቅር። ትኩሳት፣ ብዙ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ካየሽ ግን ቶሎ ተመለሺ። ነጩ ነገር ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ ወደ ሆስፒታል ይልኩሻል፤ እዚያ ናሙና ይወሰዳል፣ ወይም የተለወጠው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይወጣል።

በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት መታከም መውለድን አይከለክልም። ወር አበባሽ ከዘገየ ብቻ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ሕክምናው ከወሊድ በኋላ ነው የሚደረገው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ካላደረግሽም አድርጊ፣ ቫይረሱ ያለባት ሴት ላይ ለውጡ ቶሎ ስለሚብስ ክትትሏ ይቀራረባል።

የባለቤትሽ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ብዙ ትዳር የሚታመሰው እዚህ ጋ ነው። መነሻው ሂውማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው፣ በግንኙነት ይተላለፋል። ግን ግንኙነት ጀምሮ የማያውቅ ካልሆነ በቀር አብዛኛው ሰው፣ ወንዱም ሴቷም፣ በሕይወቱ አንዴ ያገኘዋል። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል፤ በአንዳንዱ ላይ ግን ከትዳር በፊት የገባ ቫይረስ ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ማን አመጣው?» ተብሎ መጣላት ዋጋ የለውም፣ አንቺም እሱም ሳትወሰልቱ ሊገኝ ይችላል። አፍሽ ካልደፈረ ይዘሽው ሂጂና ሲስተሯ ታስረዳው።

ሴት ልጅ ካለችሽ ክትባቱን ጠይቂላት፤ በአገራችን በ2011 ዓ.ም በ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው የተጀመረው።

አንቺ ግን ቀን አትቁጠሪ። በዚህ ሳምንት ተመልሰሽ ታከሚ፣ ከዓመት በኋላም ድጋሚ ተመርመሪ።