ሰርቨሩ ጠበበ ወይስ እኛ በዛን?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ጅማ ውስጥ አራት ልጆች ሆነን ለእሸት ቡና ተረካቢዎች የሚሆን ሲስተም እየሠራን ነው። በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ በኩል ያሉ መረከቢያዎች ሚዛን ላይ የወጣውን ኪሎ በስልክ ይመዘግባሉ፣ ጅማ ያለው ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ያስቀምጣል። አንድ ላፕቶፕ ላይ ስንሞክረው ቆንጆ ነበር። ስፕሪንግ ቡት በሚባል የጃቫ ማዕቀፍ አራት ሰርቪስ (ለየብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) አድርገን እያንዳንዱን በሦስት ኮፒ ስናስነሳው ግን ዳታቤዙ «ሶሪ፣ ቱ ሜኒ ክላየንትስ ኦልሬዲ» (የተገናኘኝ በዝቷል) እያለ ይመልሰናል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ የአንድ ገበሬ 42 ኪሎ ሁለቴ ይገባል። አንዱ ጓደኛችን ማክስ ኮኔክሽንስን (ዳታቤዙ በአንዴ የሚቀበለውን የግንኙነት ብዛት) 1000 እናድርገው ይላል፣ ሌላው ሞንጎዲቢ ወደሚባል ሌላ ዳታቤዝ እንሂድ ባይ ነው። ማን ልክ ነው?
(ከኪቶ፣ ጅማ)

መልስ፦ ሁለቱም። አይደሉም ማለቴ ነው!

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ስፕሪንግ ቡት ካልነካካችሁት ሃይካሪ የሚባለውን ፑል (ኮኔክሽኖችን ከፍቶ በተራ የሚያካፍል) ይዞ ይነሳል፣ እሱ ደግሞ በኮፒ እስከ 10 ኮኔክሽን ይይዛል። 12 ኮፒ በ10 ሲባዛ 120። ፖስትግሬስ ሲጫን የሚፈቅደው 100 ነው፣ ከዚያም ላይ 3ቱን ለአስተዳዳሪው ያስቀራል። አንድ ኪሎ ቡና ሳይመዘን ቤቱ ሞልቷል።

1000 ማድረግ ችግሩን ቦታ ማዛወር ነው። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱን ፕሮሰስ ያስነሳል። ሜሞሪ ይበላል፣ ባለ አራት ኮር ማሽን ላይ መቶ ኩዌሪ እኩል ቢሯሯጥም ተራ መጠበቁ አይቀርለትም። ስለዚህ ተራው ፑሉ ላይ ይሁን። ማክሲመም ፑል ሳይዝን (አንድ ፑል የሚይዘውን የኮኔክሽን ጣሪያ) 3 አድርጉት፣ ድምሩ 36 ይሆናል። አነሰ አትበሉ፤ አዲስ ቨርዥን ስትለቁ አሮጌውና አዲሱ ኮፒ ለጥቂት ጊዜ አብረው ስለሚኖሩ 72 ሊደርስ ይችላል፣ እሱም ይበቃዋል። ይህችን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ ከዚያ ሰላም የነበረው ሲስተም በአፕዴት ቀን ይወድቃል።

ኅዳር ላይ እሸቱ ሲጎርፍ ኮፒ መጨመር ግድ ከሆነ ፒጂባውንሰርን (ጥቂት የዳታቤዝ ኮኔክሽን ለብዙዎች የሚያጋራ ፕሮግራም) መሀል አስገቡ። በትራንዛክሽን ሞድ ግን፣ ማለትም አንድ ትራንዛክሽን ባለቀ ቁጥር ኮኔክሽኑ ለሌላ ይለቀቅ! እንደመጣ ከተዋችሁት በሴሽን ሞድ ነው የሚሠራ፣ የተገናኘው እስኪለያይ ኮኔክሽኑ የእሱ ነው፤ ፑሎቻችሁ ኮኔክሽኑን ይዘው ስለሚቀመጡ ብዙም አያተርፋችሁም።

አሁን ወደ 42 ኪሎው። ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ብር ነው። ስልኩ ይልካል፣ ዳታቤዙ ኮሚት ያደርጋል (አጽድቆ ያስቀምጣል)፣ መልሱ ሲመለስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ጌራ ያለው ልጅ «አልሄደም» ብሎ ደግሞ ይጫናል። ገብቶ ይሁን አይሁን እሱም ስልኩም የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ሞንጎዲቢም ብትሄዱ ያው ነው። ባይሆን ገበሬው፣ ሚዛኑ፣ ዋጋውና ክፍያው እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ባላችሁበት ቆዩ።

መላው እንዲህ ነው፦ ሚዛኑ ተነቦ «መዝግብ» የሚለው ሲነካ ስልኩ ራሱ ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) ያውጣ፣ ከመላኩ በፊትም እዚያው ስልኩ ላይ ያስቀምጠው። ቴብሉ ላይ ለዚያ ኮለም ዩኒክ ኮንስትሬይንት (ያው መለያ ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ) ስጡት፣ ኢንሰርቱ ላይ «ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ» (ካለ ዝም ብለህ እለፈው) ጨምሩ። ከዚያ አሥር ጊዜ ቢላክ አንድ ረድፍ ነው የሚገባው። ለድጋሚው ኤረር አትመልሱ፤ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ፈልጋችሁ መልሱለት። እና እባካችሁ፣ ሙከራ በተደገመ ቁጥር አዲስ ዩዩአይዲ እንዳታወጡ፣ ያኔ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

በነገራችን ላይ ስልኮቹ በቀጥታ ከፖስትግሬሱ ጋር የሚገናኙ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙት። የዳታቤዙ ፓስወርድ በየመረከቢያው ስልክ ውስጥ አለ ማለት ነው። ስልኮቹ ኤፒአዩን (የሰርቪሶቹን መቀበያ በር) ብቻ ያናግሩ፣ ፖስትግሬስ የሚገናኝበት 5432 ፖርት ከሰርቪሶቹ ማሽኖች በቀር ለማንም አይከፈት።