ትራሱን አንሡት

በሙያዬ የምትከተሉኝ ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ዓመት በፊዚዮቴራፒ፣ የተጎዳን አካል በእንቅስቃሴ በሚያክመው ሙያ፣ የተመረቀች አንዲት የዘመድ ልጅ ቡና ልትጠጣ ቤቴ መጥታ አኮረፈች። ያኮረፈችው በእኔ ሳይሆን በሙያዋ ነው። ሠርግ ቤት አንድ አጎቷ «ምን ተማርሽ?» ብለው ጠይቀዋት ብትነግራቸው፣ «እንዲያውስ ወጌሻ ሆንኩ አትይም!» ብለው ድንኳኑን ሙሉ አስቀውባታል። ያን ሁሉ ዓመት ደክሞ ወጌሻ መባል አንሶ፣ በተቀጠረችበት ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከመድኃኒት መጋዘኑ ቀጥላ ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጣ ታካሚ መጠበቅ አንገሽግሿታል።

እኔማ ሳቅሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ስኖር ታካሚዎቼ «ሲስተር» ነበር የሚሉኝ፤ ነርስ ሆኜ ግን አላውቅም። ወገባቸውን አሽቼ የምሸኛቸው የመሰላቸውም ነበሩ። በእግር ኳስ ሜዳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠው ባለሙያ ዲግሪ ኖረውም አልኖረው ለጋዜጠኛው «የቡድኑ ወጌሻ» ነው። ስሙ አያስኮርፋችሁ። እኔን የሚያስኮርፈኝ ያቺ ምድር ቤት ነች። ጥበቷ አይደለም የሚያናድደኝ፤ በእሷ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። ሃያ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ የጭነት መኪና እግሩን ጨፍልቆት መጣና ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። እናንተ እንደምታውቁት፣ እግር መቆረጡ ካልቀረ ጉልበት መትረፉ ትልቅ ጸጋ ነው። ጉልበት ያለው ሰው በሰው ሠራሽ እግር ዳገት ይወጣል፣ በሬ ጠምዶ ያርሳል፣ ጭፈራ ቤትም ይገባል። የልጁ ጉልበት ተርፎለት ነበር። ነርሷ ደግ ሰው ነበረችና ሕመሙ እንዲቀንስለት ከጉልበቱ ሥር ትራስ አደረገችለት። ታጥፎ ሲያርፍ እውነትም ሕመሙ ይቀንሳል።

በዚያ ክፍል ደጃፍ በየቀኑ አልፍ ነበር። ትራሱንም አይቼዋለሁ። ጉልበት ታጥፎ ከሰነበተ ከኋላው ያሉት ጅማቶች አጥረው እንደሚቀሩ ተምሬያለሁ። ነገር ግን የሐኪሙ የማዛወሪያ ወረቀት አልደረሰኝም ነበር። ሳልጠራ ብገባ «ማን ላከሽ?» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ጉልበቱ ትራሱን የመሰለ ቅርጽ ይዞ ደርቋል። ከዚያ በኋላ ስንት ወር ልጁን እንዳስለቀስኩት አልነግራችሁም፤ ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ ግን አልቻለም። ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራበት ማዕከል ይዤው ስሄድ ሽማግሌው ባለሙያ ጉልበቱን በእጃቸው መዘኑና ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ ሳምንት የት ነበርሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። ከበሩ ውጭ ነበርኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ሳትጠሩ ግቡ። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሂዱ፤ ብርድ ልብሱን አስገልጣችሁ እዩ። ትራሱን ስታነሡ ግን ነርሷን በታካሚው ፊት አታሳፍሯት። ምክንያቱን አስረዷት፤ ቡናም አብራችኋት ጠጡ። እኔ በሙያዬ ካገኘኋቸው ታካሚዎች ግማሹን ያገኘኋቸው በወረቀት ሳይሆን በነርሶች ቡና ነው። ታካሚው ቁስሉ ሲፈቅድለት በቀን ጥቂት ጊዜ በሆዱ ይተኛ፤ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ያሳርፍ። መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በጀት የማይጠብቅ ሕክምና ነው።

አበበ ቢቂላን ሁላችሁም የምታውቁት በሮምና በቶኪዮ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ግን ስለ ሌላው አበበ ነበር። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ገባ። ያንን የአከርካሪ ሕክምና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋመው ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣው ጀርመናዊ አይሁድ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተበጠሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። የሚገድለው ደግሞ የአከርካሪው ጉዳት ራሱ ሳይሆን የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ጉትማን ምን ዓይነት ተአምር ሠራ? በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ታካሚው እንዲገላበጥ አደረገ። የሽንት ፊኛው በንጽሕና እንዲያዝ አደረገ። ከአልጋው አስነሥቶ ሥራና ስፖርት ሰጠው። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ግቢ ነው። አበበም እግሩ ባይመለስም ክንዱን አጠንክሮ ቀስት ወረወረ፤ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ።

መገላበጥ ማንም ሊሠራው ይችላል። ስለዚህም ማንም ሳይሠራው ያድራል። ከፎቅ ሥራ ወድቀው የመጡ የቀን ሠራተኞች፣ አገር ቤት ከዛፍ የወደቁ ጎረምሶች፣ በዚህ ዘመንም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ቆስለው የተረፉ ወንዶችና ሴቶች፣ ከቀዶ ሕክምናው ድነው በመቀመጫቸው ላይ በተከፈተ ቁስል ሲያልቁ አይቻለሁ። አስታማሚውን በመጀመሪያው ቀን አስተምሩት። ተራ እየገቡ የሚያገላብጡበትን ሰዓት ግድግዳው ላይ ጻፉላቸው። ማንበብ የማይችል ከሆነ በቤተ ክርስቲያን ደወልም በአዛንም ያስታውስ፤ የገዛ ዘዴውን ያገኛል።

አሁን ወደ ወጌሻ ልመለስ፤ አጎትዬው የነኩብን ነገር ቀላል ስላልሆነ ነው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል። በቀርከሃ ተጠፍሮ የታሰረ ማሰሪያ ደግሞ አይለጠጥም። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ደሙ መግቢያ ያጣል፤ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ቀለል ባለ ስብራት የመጣ ሕፃን በጠቆረ እጅ ተመልሶ ክንዱን ሲያጣ ማየት ከሁሉ የሚከፋ ነው፤ ስብራቱ ብቻውን ቢሆን ይድን ነበራ። በወጣትነቴ ወጌሾችን ሁሉ እረግም ነበር። እርግማኔ አንድም ክንድ አላተረፈም።

በኋላ ከአንድ ወረዳ ጤና ባለሙያዎች ጋር ሆነን ወጌሾችን ሰበሰብን። ከመካከላቸው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከአባታቸው የወረሱ አንድ ሰው «ካላጠበቅሁት አጥንቱ አይሸሽብኝም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከእናንተ መካከል ስንቱ በአማርኛ ሊመልስላቸው ይችላል? ቀርከሃው ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች አልፎ እንዲደርስ፣ ማሰሪያው ስብራቱ ላይ እንዳይጠብቅ፣ የጣቶቹ ጫፍ እንዳይሸፈኑ ነገርኳቸው። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ቀና ሲያደርጉለት ልጁ ከጮኸ ያኔውኑ ይፈታ፤ አጥንቱ ወጥቶ የሚታይ ከሆነ ደግሞ አይነካ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። እሳቸውም ስለ ሕመምተኛ ማባበል ያስተማሩኝ አለ። ልጁን በጨዋታ ይዘው ክንዱን ሲዳስሱት አንድም እንባ አላየሁም፤ እኔ እንዲህ ያለ እጅ ኖሮኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚያሳስባቸውን ስብራት ሁሉ ደብዳቤ አስጽፈው ይልኩልኝ ጀመር፤ «ለወጌሻዋ» ተብሎ። ያን ቀን ማዕረጉን ወደድኩት።

ሕግ እንዳልጎደለን ታውቃላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ ይሰጣል ይላል። ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያዘዘው የሕንጻ አዋጅ በ2001 ዓ.ም. ወጣ፤ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጸደቀች። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ተሃድሶ፣ ማለትም የተጎዳን አካል መልሶ የማብቃት ሕክምና፣ ከሌላው የጤና አገልግሎት ጋር እንዲዋሐድ ወሰነ። የዓለም ጤና ድርጅት ተሃድሶ የሚጠቅመውን ሰው 2.4 ቢሊዮን ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ ቁጥር እያለ ግን የማውቀው አንድ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ አሥራ ሁለት ደረጃ ወርዶ ነው የሚደረስበት። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ሰው መጀመሪያ ወርዶ ይምጣ፣ ከዚያ መራመድ እናስተምረዋለን ማለት ነው። ክፍሉ ወደ ላይ እንዲወጣ ጻፉ፣ ተሟገቱ፤ እስኪወጣ ድረስ ግን እናንተ ውጡ።

ስለ ዊልቸር እርዳታ ብዙ ከተናገርኩ ደሜ ይፈላል። ካሜራ ይመጣል፣ ሃምሳ ሰው በሰልፍ ይቀመጥበታል፣ ይጨበጨባል። ወንበሩ ግን ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ፣ የፊት ጎማው የሕፃን ጡጫ የሚያህል ነው፤ በመጀመሪያው ኮብልስቶን ላይ ይሰነቀራል። ትራስ የለውም። መቀመጫው የማይሰማው ሰው በሸራ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። እዚህ ላይ ትራስ ጨምሩ፤ ዳሌውን ለኩ፣ የሚሄድበትን መንገድ ጠይቁ። ጭብጨባው ቢዘገይ ማንም አይሞትም።

ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትንም በሁለት ቃል ልንካ። በፖንሴቲ ዘዴ በየሳምንቱ ጄሶ እየተቀየረ፣ አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ የጅማት ቀዶ ሕክምና ታግዞ እግሩ ይስተካከላል። ከዚያ ሕፃኑ መጀመሪያ ሦስት ወር ያህል ቀንም ሌሊትም፣ በኋላም እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ሌሊት ሌሊት ልዩ ጫማውን ማድረግ አለበት። ወላጆች እዚህ ላይ ይዝላሉ፤ እግሩ ያማረ መስሏቸው ጫማውን ይተዉታል፣ እግሩም ተመልሶ ይቆለመማል። ሦስት ቀጠሮ ያለፋት እናት ስትመጣ «ለምን ቆየሽ?» አትበሏት። «ከየት መጣሽ? በስንት ብር መጣሽ?» በሏት።

አንድ ቤት ልውሰዳችሁና ላብቃ። ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሆኜ ወደ ገጠር ሄጄ ነበር። ከጓዳ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ የአምስት ዓመት ልጅ በጀርባዋ ተኝታለች። ስትወለድ ቶሎ አላለቀሰችም፤ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር ነው። እናቷ ጸበል ያላደረሰቻት ቦታ የለም። አጥሚት ስታጠጣት ልጅቱ ትን ይላታል፣ ትስላለች። በየክረምቱ ሳንባዋ ይታመማል። ልጅን አንጋሎ ማጠጣት ምግቡን ወደ ሳንባ እንደሚልከው ማንም አልነገራትም ነበር። ጸበሉን አትተዪ፣ ግን ተኝታ አትብላ አልኳት።

ተቀምጣ ትብላ ማለት ቀላል ነው፤ በምን ትቀመጥ? ልዩ ወንበር ከተማም ብርቅ ነው። አባትየው ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና ወደ ቤቱ መደብ አየ። ከምድጃው አጠገብ ያለውን ጥግ በዶማ ቦረቦረው። እኔ የልጅቱን ጭን፣ ወገብና ጉልበት በክር ለካሁለት። ጎንና ጎኑን በጭቃ ከፍ አደረገ፣ ከፊቷ እግሯን የምታሳርፍበት እርከን ተወ፣ በእበት ለቀለቀው። እናቲቱ የራሷን መቀነት ፈታ ለደረቷ ማሰሪያ ሰጠች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሁሉንም ደብተሯ ላይ ሣለችው፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሁለት ቤቶች እንዳሠራች ነግራኛለች።

ከሁለት ወር በኋላ ተመለስኩ። ልጅቱ አንገቷ አሁንም ይንገዳገዳል፤ መናገርም አልጀመረችም። ነገር ግን ከጓዳ ወጥታ ከምድጃው አጠገብ፣ ከሰው መካከል ተቀምጣለች። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሞልቷል። አያቷ «አምስት ዓመት ሙሉ ጣራውን ብቻ ነው ያየችው እኮ» እያሉ ቆሎ ያደላሉ። አንዲት ዶሮ ከቆሎው ልትለቅም በበሩ ገባች፤ ልጅቱ አየቻትና በሳቅ ፈነዳች። እናቲቱ ዶሮዋን ልታባርር ስትነሣ አባትየው «ተያት፣ ትግባ» አላት።