ክሪስታላችን ከአራት ኪሎ ተነስቶ ሲንክሮትሮን ሲደርስ፦ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ አራት ኪሎ ተሰብስበን ሳለ በወረቀት የሰጣችሁኝን ጥያቄዎች ይዤ መጣሁ።

ሲንክሮትሮን ምንድን ነው?

ኤሌክትሮኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግቶ በቀለበት የሚያዞር ማሽን ነው። ማግኔት መንገዳቸውን ሲያጥፈው ኃይለኛ ኤክስሬይ ያወጣሉ። ጨረሩ በቢምላይን (ከቀለበቱ ወደ ናሙናው በሚወስደው መስመር) በኩል መጥቶ ልናጠናው የፈለግነው ፕሮቲን ክሪስታል ላይ ያርፋል። ከተበተነው ጨረር ተነስተን አተሞቹ የት እንዳሉ እናሰላለን።

ቢምላይን ሲታደስ ከምን ይጀመር?

ብዙ ሰው ጨረሩን ይላል። እኔ ዲቴክተሩን፣ ማለትም የተበተነውን ጨረር የሚመዘግበውን መሣሪያ፣ እላለሁ። ሲሲዲ የሚባለው የድሮው ዲቴክተር አንድ ምስል አንስቶ እስኪያነብ ሰከንዶች ይፈጅ ነበር። በየምስሉ የጨረሩ መዝጊያ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ፒላተስ የሚባለው ዲቴክተር ግን ፎቶኖችን (የጨረሩን ቅንጣቶች) አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ንባቡም በሚሊሰከንድ ያልቃል። ክሪስታሉ ሳይቆም ይዞራል፣ መዝጊያው አንዴ ብቻ ይከፈታል። ተከታዩ አይገር ደግሞ በሰከንድ በመቶ የሚቆጠር ምስል ያነሳል።

ታዲያ ዲቴክተር ብቻ ገዝቶ መቀመጥ የለም። ዳታው ጎርፍ ነው፤ ማከማቻውና ኮምፒዩተሩ አብረው ማደግ አለባቸው። ክሪስታሉን የሚያዞረው ጎኒዮሜትርም እንደዚያው። 10 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ መቶኛ) የሆነ ክሪስታል ሲዞር ትንሽ ከተወዛወዘ ጨረሩ ክሪስታሉን ይስታል።

ጨረሩ በበረታ ቁጥር አይሻልም?

ክሪስታሉን ይጎዳዋል። ናሙናውን 100 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ላይ የምናቀዘቅዘው ጉዳቱን ለማዘግየት ነው። ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ያለው ኢኤስአርኤፍ የተባለው ሲንክሮትሮን 844 ሜትር ቀለበቱን ለማደስ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ቆሞ በ2020 ለተመራማሪዎች ተከፈተ። የእድሳቱ ትልቁ ጥቅም የጨረሩ መጥበብ ነው፤ ለትንንሽ ክሪስታል የሚያስፈልገው እሱ ነው።

የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒዩተር የሚተነብየው አልፋፎልድ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?

ትንበያው ድንቅ ነው። መድኃኒት የሚሆነው ሞለኪውል ፕሮቲኑ ላይ የት እንደተጣበቀ በዓይን ማየት ግን አሁንም መለካት ይፈልጋል።

ጋሼ፣ አፍሪካ ውስጥ አንድም ሲንክሮትሮን የለም። እኛን ምን አገባን?

እህቴ፣ በጣም ያገባናል። ናሙና የሚቀይረው ሮቦት ከገባ ወዲህ እዚያ መገኘት ግድ አይደለም። ክሪስታሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ዕቃ ይላካል። ተመራማሪው ቢሮው ሆኖ በኢንተርኔት ያዛል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል።

እኛ ዘንድስ ምን ይታደስ?

ክሪስታል የምናበቅልበት ክፍል! ሙቀቱ ለሳምንታት ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። አንዴ ቅዳሜና እሁድ መብራት ሄዶ ሰኞ ስገባ ለስድስት ሳምንት የጠበቅኳቸው ክሪስታሎች ሟሙተው አገኘሁ። በጣም አዝኜ ነበር። ስለዚህ በጀት ካገኛችሁ ከአዲሱ ማይክሮስኮፕ በፊት ለማቀዝቀዣው መጠባበቂያ ባትሪ ግዙለት።