መልስ፦ 9ኛ የነበረው ቦይሲ ስቴት እንዴት 3ኛ ሆኖ ተደለደለ?

በ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚጫወቱት የአሜሪካን ፉትቦል) ጥሎ ማለፍ ቦይሲ ስቴት ከቴክሳስ በላይ መቀመጡ ስህተት መስሎህ ከሆነ፣ አይደለም፤ ደንቡ ነው። የመራጭ ኮሚቴው ደረጃና የድልድል ቁጥር (ቡድኑ በጥሎ ማለፉ ሰንጠረዥ የሚይዘው ቦታ) ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ቡድኖቹን በደረጃ ያስቀምጣል። ከ12ቱ ቦታ 5ቱ ከኮንፈረንስ (ቡድኖቹ የተከፋፈሉባቸው ሊጎች) ሻምፒዮኖች መካከል ከፍተኛ ደረጃ ላላቸው የተያዘ ነበር፤ 7ቱ ከቀሪዎቹ በደረጃ ለሚበልጡት። በዚያ ዓመት ታዲያ ከ1 እስከ 4 ያለው የድልድል ቁጥር የሚሰጠው ለሻምፒዮን ብቻ ነበር፤ እነሱም የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። ስለዚህ 9ኛው ቦይሲ ስቴት 3ኛ፣ 12ኛው አሪዞና ስቴት 4ኛ ሆኑ፤ በኮሚቴው 3ኛ የነበረው ቴክሳስ ግን ሻምፒዮን ስላልሆነ ወደ 5ኛ ወረደ። 16ኛው ክሌምሰንም በሻምፒዮንነቱ ሲገባ 11ኛው አላባማ ውጭ ቀረ።

ዕረፍቱ ግን ብዙም አልጠቀመም፤ አራቱም በመጀመሪያ ጨዋታቸው ተሸነፉ። ዋንጫውን የወሰደው በ8ኛ ቁጥር የገባው ኦሃዮ ስቴት ነው፤ ኖተር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ።

ከ2025 ውድድር ጀምሮ ድልድሉ የኮሚቴውን ደረጃ በቀጥታ ይከተላል። የ5ቱ ሻምፒዮኖች ቦታ ግን በዚያ ለውጥ አልተነካም።