ጠያቂና መላሽ፦ ተፍቆ የሚመለሰው አልጌ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ፣ ሳሎኔ ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ያሉት ሁለት ክላውንፊሽ ናቸው። ድንጋዮቹን ፀጉር መሰል አረንጓዴ አልጌ ወርሷቸዋል። ብፍቀው በሳምንቱ ይመለሳል። መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ይበራል፤ የሚተነውን በቧንቧ ውሃ እተካለሁ። አልጌን የሚመግበውን ናይትሬት ስለካ ግን ዜሮ ነው። ታዲያ ምን እየበላ ነው?

መልስ፦ ቀለቡን የሚሰፍሩለት እርስዎ ነዎት። ዜሮው አያታልልዎ፤ አልጌው ናይትሬቱን ከመለኪያዎ ቀድሞ ስለሚወስደው ነው። ውሃ ሲተን የሚሄደው ንጹሑ ብቻ ነው፣ የሟሟው ሁሉ ይቀራል። የቧንቧው ውሃ በሊትር 20 ሚሊግራም ናይትሬት አለው እንበል። በቀን 2 ሊትር ቢጨምሩ 40 ሚሊግራም አስገቡ ማለት ነው፤ ለ200 ሊትር ሲካፈል በወር በሊትር 6 ሚሊግራም ይሆናል፣ ያውም የዓሣው ምግብ ሳይቆጠር። የቧንቧውን ውሃ በዚያው መለኪያ ይፈትሹት።

መተኪያው ከዲአዮናይዘር (የቀረውን ሟሟ ከሚለቅመው ማጣሪያ) ጋር የተገጠመ የአርኦ (ውሃውን በስስ ገለፈት ገፍቶ የሚያሳልፍ) ማጣሪያ ውሃ ነው፤ የሟሟውን መጠን የሚለካው ቲዲኤስ ሜትር 0 ማንበብ አለበት። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የክረምት ዝናብ አይሆንም፤ ዚንክ ይዞ ይመጣና ቀንድ አውጣና ኮራል ይፈጃል። በነገራችን ላይ የአፍዴራ ጨው ቅርብ ነው ብለውም አይሞክሩ፤ የወጥ ጨው የባሕርን ካልሲየምና ማግኒዚየም አይተካም።

ፍቂያውን ገንዳው ውስጥ አያድርጉት፤ ብጥስጣሹ ተበትኖ ሌላ ድንጋይ ላይ ይበቅላል። ድንጋዩን አውጥተው፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት። እምቢ ያለው ላይ ከፋርማሲ የሚገኘውን 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብተው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያቆዩትና በጨው ውሃ አለቅልቀው ይመልሱት። በአንድ ሳምንት ከድንጋዮቹ ሲሶውን ብቻ ይንኩ፤ ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እዚያው ላይ ነው የሚኖሩት።

መብራቱን በቀን ወደ 8 ሰዓት ያውርዱ፣ በየሳምንቱ 20 ሊትር ይቀይሩ፣ ምግቡም በ2 ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን። አልጌው ሲሳሳ ናይትሬቱ ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ የሚበላው ስለጠፋ ነው። በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም ጥሩ ነው። ቀንድ አውጣ የሚያስገቡት ከዚህ በኋላ ነው፤ የረዘመውን አይነካውም፣ አዲስ የሚያቆጠቁጠውን ግን ይግጥልዎታል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው። አሸዋዬ ላይ ቀይ፣ አረፋ ያዘለ ስስ ሽፋን ተነጠፈ። መብራት 3 ቀን ባጠፋ ይለቃል?

መልስ፦ ይለቃል፣ ግን አስቀድመው በቀጭን ቱቦ እየሳቡ ያውጡት። ይህ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ እንደ ቆዳ ተገልጦ ይነሳል። ጨለማ ውስጥ ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በ25 ዲግሪ የጨው ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ወደ 5 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚተካ ባለ ባትሪ ፓምፕ ከሌለዎት ነገሩን ይተዉት። ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው ካለከለኩ ገንዳውን ለማጨለም የሸፈኑበትን ጨርቅ ገፈው ሩቡን ውሃ ይቀይሩ።

ኤሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ይመክሩዎት ይሆናል። አጣሪ ባክቴሪያዎቹንም ሊጎዳ ይችላል፣ ከዚያ ዓሣ የሚመርዘው አሞኒያ ይከተላል። ይልቅ ሽፋኑ የወጣበትን ጥግ ይዩ፤ ውሃው የተኛበትና ቆሻሻ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ የፓምፑን አፍ ወደዚያ ያዙሩት።