የሩዝ ገለፈት ሲሊካህ ለምን ግራጫ ሆነ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። የሩዝ ገለፈት አቃጥለህ፣ አመዱን በኮስቲክ ሶዳ ቀቅለህ፣ አሲድ ጨምረህ ሲሊካ (የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ የሆነውን ነጭ ዱቄት) አውጥተሃል። የወጣልህ ዱቄት ግን ግራጫ ነው፤ እሱም ቢሆን ትንሽ ነው። «እሳቱን ላበርታ ወይስ ኮስቲኩን ልጨምር?» ብለሃል። ላብራቶሪ ውስጥ ከዚሁ አመድ ጋር ብዙ ስለቆየሁ በሙሉ ልብ የምመክርህ ሁለቱንም እንድትተው ነው። ነገሩ የሚበላሸው ገና ገለፈቱ እሳት ሳይነካው ነው።

ገለፈቱ ውስጥ ከሲሊካው ጋር ፖታሲየም አለ። ሙቀት ሲያገኘው ከሲሊካው ጋር ይጣመርና ላዩን ያቀልጠዋል። የቀለጠው ሽፋን ከሥሩ ያለውን ካርቦን ያፍነዋል፤ አየር አይደርሰውም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብታነደው ጥቁሩ አይለቅም። ደቃቁ ካርቦን ደግሞ በማጣሪያው ሾልኮ ዱቄትህን ያጠቁረዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ገለፈቱን በውሃ እጠብ፤ አፈርና አሸዋው ይውጣ። ቀጥሎ 1 ሞላር (የክምችት መለኪያ ነው፤ በሊትር 1 ሞል ማለት ነው) ገደማ በሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀቅለው። እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ 5 በመቶ ገደማ ይበቃል፣ ለአያያዝም ይቀላል። ከዚያ የእጥበቱ ውሃ አሲድነቱ እስኪጠፋ አለቅልቀውና አድርቀው። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ለእኔ ግን የሥራው ግማሽ እሱ ነው።

ስታቃጥል ስስ አድርገህ ዘርጋው፣ አየር ይግባለት። ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ሰዓታት ይበቃዋል። በደንብ የታጠበ ገለፈት ሲነድ የራሱን ቅርጽ እንደያዘ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጎኑን፣ ጫፉን ሁሉ ታየዋለህ፤ በጣት ስትነካው ግን ወዲያው ይፈርሳል። እንዲህ ያለ አመድ ካየህ ግማሽ መንገድ ሄደሃል።

እሳቱን አታበርታ ያልኩህ በምክንያት ነው። 800 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሲሊካው ወደ ክሪስታልነት (አተሞቹ በሥርዓት ወደተደረደሩበት መልክ) መለወጥ ይጀምራል፤ ፖታሲየም ካለበት ደግሞ ቀደም ብሎም ይለወጣል። ክሪስታሉ በፈላ ኮስቲክ በቀላሉ አይሟሟም፣ ማጣሪያው ላይ ይቀርብሃል። ምርትህ ያነሰው በዚህ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋው ጤናው ነው። የክሪስታል ሲሊካ ብናኝ ሲሊኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ስለዚህ አመድ ስትነካ፣ ስትፈጭ ደህና የብናኝ ማስክ አድርግ። እባክህ ይህችን አታቃልላት።

«ትንሽ» ያልከው በእርግጥ ትንሽ መሆኑንም አስላ። 1 ኪሎ ገለፈት 200 ግራም ገደማ አመድ ይሰጣል። ከአመዱ ከ85 እስከ 95 በመቶው ሲሊካ ነው። ከዚያ በላይ አትጠብቅ።

ኮስቲኩ ላይ ብዙ አልቆይም። ለ10 ግራም አመድ 2 ሞላር የሆነ 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከድነህ እያማሰልክ አንድ ሁለት ሰዓት ቀቅለው። አይዝጌ ብረት ዕቃ ተጠቀም፤ አሉሚኒየም ግን በፍጹም፣ ኮስቲክ እየበላው ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ጓንትና የዓይን መነጽር ሳታደርግ አትጀምር። ገና ትኩስ እያለ አጣራው። የተጣራው ጥርት ያለ መሆን አለበት። ሻይ ከመሰለ ያልተቃጠለ ነገር አለበት ማለት ነው፤ አሲዱን ሳትጨምር ወደ ምድጃው ተመለስ።

አሲዱን እያማሰልክ ቀስ በቀስ ጨምር። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው) ከ10 በታች ሲወርድ ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ጄል ይሆናል። 7 ላይ ሲደርስ አቁም። በአንዴ ካፈሰስክበት ጄሉ ይጓጉልና ኮስቲኩን ውስጡ ይይዘዋል። አሳድረው፣ በማግስቱ ሰባብረህ በሙቅ ውሃ ደጋግመህ እጠበው። እዚህ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። አሲዱና ኮስቲኩ ሲገናኙ የሚፈጠረው ጨውም ነጭ ነው፤ ያልታጠበ ዱቄት አምሮና ከብዶ ምርት የበዛ ያስመስላል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከተጠቀምክ ከእጥበቱ ውሃ ጥቂት ወስደህ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርግበት። ነጭ ደመና ከሠራ ጨው አለ፣ እጥበቱን ቀጥል። በመጨረሻ 110 ዲግሪ ላይ አድርቀው።

በሸንኮራ አገዳ ገፈትም መሞከር እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ይቻላል። ግን ሲሊካው ከሩዙ ያነሰ ነው። አመዱ ውስጥ ከሚታየው ደግሞ ብዙው ከማሳ የመጣ አሸዋ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ በኮስቲክ ንቅንቅ አይልም። የስንዴ ገለባ ፖታሲየሙ ስለሚበዛ የአሲድ እጥበቱን ጨርሶ መዝለል አይቻልም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሩዙን አስተካክዬ እጨርስ ነበር።

በሚቀጥለው ዙር ኮስቲክ ከመጨመርህ በፊት የአመዱን ፎቶ ለጥፍልን፤ ምድጃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበረም ጻፍ።