የፈጠርከውን ዓለም ለሰው ስታስነብብ ከየት ትጀምር?

ወንድሜ፣ ለሮልፕሌይ ጨዋታ (ተጫዋቹ የምናብ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ለሚጫወተው) የፈጠርኩትን ዓለም ሳስነብብ ከአፈጣጠር ታሪኩ ልጀምር ወይስ ከካርታው ብለሃል። በኔ ግምት ከሁለቱም አይደለም። አንባቢው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው እዚያ ገብቶ ማን እንደሚሆንና ምን እንደሚያደርግ ነው። የሦስት ሺህ ዓመት የነገሥታት ዝርዝር ይህን አይነግረውም።

የታዋቂው የሮልፕሌይ ጨዋታ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አሳታሚ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ ዓለም ፍለጋ ውድድር ሲከፍት፣ በመጀመሪያው ዙር የጠየቀው አንድ ገጽ ብቻ ነበር። አሸናፊው፣ ኪት ቤከር የፈጠረው ኤበሮን የተባለ ዓለም፣ በ2004 ታተመ። አስማት የዕለት ተዕለት ቴክኖሎጂ የሆነበት፣ «የመብረቅ ሐዲድ» የሚባል ባቡር የሚሄድበት፣ ረጅም ጦርነት ገና ያበቃበት ዓለም ነው። በቃ፣ ገባህ አይደል?

አንተም አንድ ገጽ ሞክር። ለምሳሌ እንዲህ በል፦ «ወደ ከተማዋ ስትገባ በረኛው ስምህን ይቀበልሃል፤ ስትወጣ ይመልስልሃል። ትናንት ማታ ግን የስም መዝገቡ ተሰረቀ።» ተጫዋቹ ወዲያው ሥራ አገኘ። ስለ ከተማዋም ብዙ ነገር ሳትነግረው ገባው።

ስም አታብዛ እባክህ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሰባት አዲስ ስም ካየሁ እኔ በበኩሌ ትቼው ነው የምሄደው፤ በተለይ ምላስ የሚያስሩትን!

የአፈጣጠር ታሪኩን አትጣለው፣ መጨረሻ ላይ አድርገው። የፈለገ ያነበዋል። ከካርታውም ሙሉ አህጉሩን ትተህ ጨዋታው የሚጀመርበትን አካባቢ ብቻ ቆርጠህ አስቀድም።